በሊምቡርግ የግራቭል ብስክሌት ጉዞ፦ ጫካውን፣ የከሰል ኮረብታውንና እርሻውን በአንድ ቀን

በቤልጂየም ምሥራቅ፣ ከኔዘርላንድስ ጋር በሚዋሰነው ሊምቡርግ ክፍለ ሀገር፣ ለግራቭል ብስክሌት (በጠጠርና በአፈር መንገድ ለሚነዳ ብስክሌት) የተመቸ መሬት ሞልቷል። አሸዋማ የጥድ ጫካ አለ። በእርሻ መሃል የሚያልፍ የትራክተር መንገድ አለ። ከድንጋይ ከሰል ማውጫዎቹ የተረፉ ጥቁር ኮረብታዎችም አሉ። ብራስልስ፣ አንትወርፐን፣ አይንድሆቨን ወይም ኮሎኝ አካባቢ የምትኖሩ ሁሉ መጥታችሁ፣ ቀኑን ነድታችሁ፣ ማታ ቤታችሁ መግባት ትችላላችሁ። መመሪያው በዋናነት ለእናንተ ነው። አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ሆኖ በኮረኮንች የሚነዳ ሰውም የጎማውንና የአነዳዱን ክፍል እንዳለ ይጠቀምበታል።

ግራቭል ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚመጣበት ጉልበትና ውድ ብስክሌት ነው። በእኔ እምነት ግን ቀኑን የሚያሳምሩት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ የጎማ ንፋስና ከፊት ያለውን መሬት አይቶ መለየት። ሁለቱም ገንዘብ አይጠይቁም። ሁለቱንም መማር ይቻላል።

1. ብስክሌቱን ማዘጋጀት

ግራቭል ብስክሌት ባጭሩ እንደ ኮርሳ የታጠፈ እጀታ ያለው፣ ግን ሰፊ ጎማ የሚቀበል ብስክሌት ነው። ከሌላችሁ ለመጀመሪያ ቀን አትግዙ። ማውንቴን ብስክሌት ካላችሁ በቂ ነው። በአሸዋው ላይ እንዲያውም እሱ ይሻላል። ቀጭን ጎማ ያለው የኮርሳ ብስክሌት ግን እዚህ አያዋጣም።

ሦስት ነገር እዩ። አንደኛ፣ የጎማው ስፋት ቢያንስ 40 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ 45 ቢሆን ደግሞ ለዚህ መሬት ይመረጣል። ሁለተኛ፣ የዲስክ ፍሬን ይኑረው። ሦስተኛ፣ ቀላል ማርሽ ይኑረው። የፊቱ ጥርስ 40 ከሆነ የኋላው ትልቁ 40 ወይም ከዚያ በላይ ቢሆን ጥሩ ነው። ሊምቡርግ ሜዳ ናት ብሎ ይህን የሚንቅ ሰው የከሰል ኮረብታው ሥር ሲደርስ ወርዶ ይገፋል።

ከመነሳታችሁ አንድ ቀን በፊት ሰንሰለቱን ጠርጋችሁ ዘይት ቀቡት። የተረፈውን ዘይት በጨርቅ ጥረጉት፤ ካልጠረጋችሁት አሸዋው ሁሉ ይለጠፍበታል። የፍሬን ሸራውንም ውፍረት እዩ።

2. የጎማ ንፋስ

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ የሚበዛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ጎማ ጠንከር ሲል ይፈጥናል የሚለው አስተሳሰብ ለስላሳ አስፋልት ላይ በመጠኑ ይሠራል። ጠጠር ላይ ግን የጠነከረ ጎማ በየድንጋዩ ይነጥራል። በነጠረ ቁጥር ወደፊት የሚወስዳችሁ ጉልበት ወደ ላይ ይባክናል። መሬቱንም አይቆነጥጥም። ለስለስ ያለ ጎማ ግን ድንጋዩን ዋጥ አድርጎ ያልፋል።

70 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ሰው፣ ባለ 45 ሚሊ ሜትር ቱብለስ (ከመነዳሪ የሌለው) ጎማ ከሆነ፣ ከፊት 1.9 ከኋላ 2.1 ባር (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ብሎ ይጀምር። ከመነዳሪ ያለው ጎማ ከሆነ በሁለቱም ላይ 0.3 ያህል ይጨምር። ከ70 ኪሎ በላይ ለሆነ በየ10 ኪሎው 0.2 ያህል መጨመር፣ ቀለል ላለም በዚያው ልክ መቀነስ ነው። ይህ መነሻ ነው እንጂ ሕግ አይደለም።

ጎማውን በአውራ ጣት ጫን አድርጎ መገመት አይሠራም። በእጅ 2 ባርና 3 ባር አንድ ዓይነት ነው የሚመስለው። መለኪያ ያለው ፓምፕ ወይም ትንሽ የንፋስ መለኪያ ያዙ። ከዚያ ወጥታችሁ ሞክሩት። ጎማው ድንጋይ ሲመታ ቸርኬው ራሱ «ጠቅ» ብሎ ከተሰማችሁ ንፋሱ አንሷል፤ 0.2 ጨምሩ። ኩርባ ላይ የኋላው ጎማ ተንሸራቶ የሚሸሽ ከመሰላችሁም እንዲሁ። እጃችሁ ከደነዘዘና ብስክሌቱ ከዘለለባችሁ ደግሞ በዝቷል፤ አስተንፍሱ። ጥሩውን ልክ ስታገኙ ስልካችሁ ላይ ጻፉት።

ቱብለስ ማለት ከመነዳሪ የሌለው፣ ውስጡ የሚደፍን ፈሳሽ የተጨመረበት ጎማ ነው። ለዚህ መሬት እሱን አጥብቄ እመክራለሁ። ንፋሱን ስታወርዱ ከመነዳሪው በቸርኬና በድንጋይ መሃል ተቆንጥጦ የመበሳቱ ስጋት አይኖርም። ትንሽ እሾህ ቢገባም ፈሳሹ ወዲያው ይደፍነዋል። ፈሳሹ ግን ይደርቃል። በየሦስትና አራት ወሩ እዩት።

3. መንገዱን ማውጣት

ሊምቡርግ ውስጥ ስትነዱ በየመገናኛው ቁጥር የተጻፈበት ሰሌዳ ታያላችሁ። ቁጥሮቹ የብስክሌት መገናኛዎች ናቸው። የምትፈልጉትን የቁጥር ተራ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ሰሌዳውን እየተከተሉ መሄድ ነው። ካርታም ስልክም አያስፈልግም። ይህን ዘዴ ያመጣው ሁጎ ቦለን የሚባል የማዕድን መሐንዲስ ነው። ከመሬት በታች የማዕድን መተላለፊያዎች መገናኛ በቁጥር ይታወቅ ነበር፤ እሱ ያንኑ ሐሳብ ወደ ላይ አወጣው። እ.ኤ.አ. በ1995 እዚሁ ሊምቡርግ ውስጥ ተጀመረ። ዛሬ በመላው ፍላንደርዝ (የቤልጂየም ሰሜናዊ ክፍል)፣ በኔዘርላንድስና በጀርመን ክፍሎች ይሠራበታል። የጨለማው ሥራ ልጅ የሆነ ነገር በጠራራ ፀሐይ ሰውን ሲመራ ማየት ደስ ይለኛል።

ለእኛ ግን አንድ ችግር አለበት። በቁጥር የሚመሩት መንገዶች አብዛኞቹ አስፋልት ወይም ሲሚንቶ ናቸው። ስለዚህ ቁጥሮቹን እንደ አከርካሪ ተጠቀሙባቸው። በሁለት ቁጥሮች መካከል የሚያልፈውን ያልተነጠፈ መንገድ በካርታ ፈልጉና እሱን ውሰዱ። ከጠፋባችሁ ቅርብ ወዳለው ቁጥር መመለስ ነው። ኮሞት የሚባለው አፕ ከመነሳታችሁ በፊት የእያንዳንዱን ክፍል የመሬት ዓይነት ለይቶ ያሳያል። ከግማሽ በላይ ያልተነጠፈ ከሆነ ጥሩ ቀን ይጠብቃችኋል። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ከ60 ኪሎ ሜትር አትለፉ። የጠጠር 60 እና የአስፋልት 60 አንድ አይደሉም፤ በሰዓት 16 ወይም 18 ኪሎ ሜትር ብላችሁ አስሉ።

አየሩንም ከመሬቱ ጋር አያይዛችሁ እዩ። ዝናብ ከዘነበ ማግስት ጫካውን ምረጡ፤ አሸዋው ረጥቦ ይጠብቃል፣ ጎማ አይሰምጥም። እርሻው ግን ያን ቀን ጭቃ ነው። ለብዙ ቀን ደረቅ ሲሆን ደግሞ ተገላቢጦሹ ነው። ይህችን ብቻ የያዘ ሰው ግማሹን ድካም ይቀንሳል።

4. የአንድ ቀን መስመር፣ ከጌንክ ተነስቶ ጌንክ

ጌንክን በእግር ኳስ ክለቧ ታውቋት ይሆናል። ከተማዋ ሦስት የከሰል ማውጫዎች ነበሯት፤ ዊንተርስላግ፣ ዋተርስኸይና ዝዋርትበርግ። ክለቡም የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1988 የዊንተርስላግና የዋተርስኸይ ቡድኖች ተዋህደው ነው። ከብራስልስ ቀጥታ ባቡር አለ። ለብስክሌቱ ለብቻው ቲኬት ቁረጡ፤ ከሚዲ ወይም ከኖርድ ጣቢያ መሳፈር ይቀላል።

ከጣቢያው ወደ ሲ-ማይን ሂዱ። የዊንተርስላግ ማውጫ የነበረበት ቦታ ነው። ሠራተኞችን ወደ ጉድጓድ ያወርዱና ያወጡ የነበሩት የብረት ማማዎች እስከ አሁን ቆመዋል። ከዚያ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አስ መንደር። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1901 አንድሬ ዱሞን በቁፋሮ 541 ሜትር ጥልቀት ላይ ከሰሉን ያገኘው እዚያ ነው። የሊምቡርግ የማዕድን ዘመን ሁሉ ከዚያች ጉድጓድ ይጀምራል። ሰባት ማውጫዎች ተከፈቱ። ከጣሊያን፣ ከፖላንድ፣ ከግሪክ፣ ከቱርክና ከሞሮኮ ሠራተኛ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1992 የዞልደር ማውጫ ሲዘጋ ሁሉም አበቃ።

አስ ላይ ያለው የድሮ ባቡር ጣቢያ ዛሬ ወደ ሆኸ ኬምፐን ብሔራዊ ፓርክ ከሚያስገቡት በሮች አንዱ ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ2006 ተከፈተ፤ ከፍላንደርዝ ብሔራዊ ፓርኮች የመጀመሪያው ነው። በጫካው አቋርጣችሁ ወደ ማስሜኸለን ስትወርዱ የአይስደን ማውጫ የነበረበት ቴርሂልስ ጋ ትደርሳላችሁ። ቀጥሎ የማስ ወንዝ ሸለቆ እርሻ ነው። ወንዙን ለጥቂት ኪሎ ሜትር ተከትላችሁ፣ በሌላ የጫካ መንገድ ወደ ጌንክ መመለስ ነው።

5. መሬቱን አይቶ መንዳት

*ጥድ ጫካው።* እነዚህ ጥዶች ራሳቸው የማዕድኑ ታሪክ ናቸው። የጉድጓዱን ጣሪያ ደግፎ የሚይዝ እንጨት በብዛት ያስፈልግ ነበር። ጥድ ተመራጭ የሆነበት ምክንያት ከመሰበሩ በፊት ስለሚንቋቋ ነው። ሠራተኛው ድምፁን ሰምቶ ይሸሻል። ለዚህ ነው ዛፎቹ በብዙ ቦታ በመስመር፣ እኩል ተራርቀው የቆሙት።

ከሥራቸው ያለው አሸዋ ነው። አሸዋ ሲያጋጥማችሁ ከመግባታችሁ በፊት ፍጥነት ጨምሩ። ማርሹን አንድ ከበድ አድርጉ። ወገባችሁን ትንሽ ወደ ኋላ ሳቡ። እጀታውን አታንቁት፤ የፊት ጎማው ትንሽ ቢወላወል ተዉት፣ ራሱ ይስተካከላል። ፔዳል መምታት አታቁሙ። ፍሬን በፍጹም አትንኩ። ዓይናችሁ ጎማው ሥር ሳይሆን አሸዋው የሚያልቅበት ላይ ይሁን። ዳርና ዳር የጥድ ቅጠል የወደቀበትና ሣር ያለበት ጠርዝ ብዙ ጊዜ ይጠነክራል፤ ሰው ከሌለ በዚያ እለፉ። ብስክሌቱ ከቆመ ግን አትታገሉ። ውረዱ፣ ግፉ፣ ጠንካራ መሬት ላይ እንደገና ውጡ።

*ሜዳማው ቁጥቋጦ።* ከጫካው ስትወጡ ሜኸልሰ ሃይደ የሚባል ሰፊ ገላጣ ቦታ አለ። በነሐሴ መጨረሻ መሬቱ በሙሉ ወይን ጠጅ ቀለም ይለብሳል። አበባውን የሚያወጣው አጭር ቁጥቋጦ ስሜን ተራራ ላይ አስታ ከምንለው ዛፍ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። ቅጠሉን ቀረብ ብላችሁ ብታዩ ዝምድናው ይታወቃል። እዚህ እ.ኤ.አ. በ2021 የተከፈተ 300 ሜትር ገደማ የሚረዝም የብስክሌት ድልድይ አለ። በበዓልና በእሑድ ቤተሰብና ሕፃን ስለሚበዛበት ቀስ በሉ።

እዚህ የምትነዱበትን ጠጠር አንድ ጊዜ በእጃችሁ አንሱት። ድቡልቡል ነው፣ ጠርዙ ተሞርዷል። በበረዶ ዘመን የማስ ወንዝ ከአርደን ተራሮች እያንከባለለ ያመጣው ስለሆነ ነው። ድቡልቡል ጠጠር ከጎማ ሥር ይንከባለላል። ስለዚህ ኩርባ ላይ ብስክሌቱን ብዙ አታጋድሉ፤ ፍጥነቱን ከኩርባው በፊት ቀንሱ።

*የከሰል ኮረብታው።* የአገሩ ሰው ተሪል ይለዋል። ከሰሉ ተለይቶ ከወጣ በኋላ የተረፈው ጥቁር ድንጋይ የተከመረበት ነው። ከዚህ መስመር ውጭ በበሪንገን ከተማ ያለው 60 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። በሊምቡርግ ሜዳ ላይ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ አናቱ ላይ ስትወጡ አገሩ በሙሉ ይታያችኋል። ድንጋዩ ጥቁር ስለሆነ ሙቀት ይይዛል። በሐምሌ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ከታች ሲመጣ ፊታችሁ ላይ ይሰማችኋል። ሙቀትና ደረቅ መሬት የሚወዱ ነፍሳትም በዚሁ ምክንያት ሰፍረውበታል።

ይህ ድንጋይ ከወንዙ ጠጠር በተቃራኒ ስስና ስለታም ነው፤ እንደ ሰሌዳ ይሰነጠቃል። የጎማ ጎን ይቆርጣል። ስለዚህ ከመውጣታችሁ በፊት ንፋሱን አታውርዱ። ዳገቱን ቁጭ ብላችሁ ውጡ። ከፔዳል ላይ ከቆማችሁ የኋላው ጎማ ክብደት ይቀልለውና ይሽከረከራል። ቀላሉን ማርሽ ዳገቱ ሳይጀምር አስገቡ። ደረታችሁን ወደ እጀታው ዝቅ አድርጉ፣ ክርናችሁን እጠፉ።

ቁልቁለት ላይ እጃችሁ በታችኛው የእጀታ ኩርባ ይሁን። እዚያ ሆናችሁ ፍሬኑን በአንድ ወይም በሁለት ጣት መያዝ ትችላላችሁ። ወገብ ወደ ኋላ። ሁለቱንም ፍሬን ቀስ እያላችሁ ደጋግማችሁ ያዙ፤ የፊቱን ብቻ ጨብጦ መያዝ አደገኛ ነው። ከዝናብ በኋላ ይህ ድንጋይ ላዩ ሟሙቶ እንደ ጭቃ ያንሸራትታል። ያን ጊዜ እኔ በእግር ነው የምወርደው፣ እናንተም እንዲሁ አድርጉ።

አንድ ነገር አደራ። ተሪል ላይ ብዙው መንገድ ለእግረኛ ብቻ የተፈቀደ ነው። ለማውንቴን ብስክሌት የተፈቀደው ሦስት ማዕዘንና ሁለት ክብ ያለበት ምልክት አለው። ምልክት ከሌለው መንገድ ላይ አትውጡ። ቁልቁለቱ በጎማ ከተቦረቦረ ዝናቡ ያጥበዋል፤ ገና መብቀል የጀመረው ሣርና ዛፍ ሥሩ ይጋለጣል። እዚያ ድንጋይ ላይ አንድ በርች ዛፍ ለማደግ ስንት ዓመት እንደሚፈጅበት ያየ ሰው በላዩ ላይ አይነዳም።

*እርሻው።* የትራክተር መንገድ ሁለት የጎማ ፈለግና በመሃሉ ሣር አለው። አንዱን ፈለግ ምረጡና ጽኑ። ከአንዱ ወደ ሌላው ስትሻገሩ የሣሩን ጉብታ በሰያፍ ሳይሆን ቀጥ ብላችሁ ቁረጡት። በሰያፍ ከሄዳችሁ ጎማው ይንሸራተታል። ትራክተር ሲመጣ ቀድማችሁ ወጥታችሁ ቁሙ። መንገዱ ለእሱ የተሠራ ነው፣ ለእኛ አይደለም። እጅ ካነሳችሁ እሱም ያነሳል። የተዘራ ማሳ ጠርዝ ላይ አትንዱ። የከብት በር ከከፈታችሁ ዝጉ። ቀጭኑ ሽቦ ብዙ ጊዜ ኤሌክትሪክ አለውና አትደገፉት። በወንዙ ዳር በነፃ የሚግጡ ከብቶችና ፈረሶች ታያላችሁ፤ ራቅ ብላችሁ እለፉ፣ በተለይ ጥጃ ካለ።

በመከር ወቅት ስኳር ድንች የሚመስለው፣ ስኳር የሚመረትበት ሥር (ሹገር ቢት) ከማሳ ሲወጣ ትራክተሮቹ ጭቃ አስፋልት ላይ ይጥላሉ። አስፋልት ደረስን ብላችሁ አትልቀቁት። ወደ ደቡብ፣ ሃስፐንሃው ወደሚባለው የፖምና የፒር አገር፣ መሄድ ከፈለጋችሁ ደግሞ ሚያዝያ ላይ ዛፉ ሲያብብ ሂዱ። አፈሩ ደቃቅ ነው፤ ሲረጥብ ጎማና ፎርክ መሃል ገብቶ ብስክሌቱን ያቆመዋል። ደረቅ ሳምንት ጠብቁ።

6. የሚያዝ ነገር

አንድ ትርፍ ከመነዳሪ (ቱብለስ ብትነዱም)፣ የጎማ ማውለቂያ፣ የእጅ ፓምፕ፣ የቱብለስ መድፈኛ፣ ባለ ብዙ ቁልፍ መፍቻ፣ የሰንሰለት ማያያዣ። ሁለት ጠርሙስ ውሃ። እሑድ በየመንደሩ ሱቅ ዝግ ሊሆን ስለሚችል ምግብ ከቤት ያዙ። ጄልና ባር የሚባለውን የስፖርተኛ ምግብ መግዛት አይጠበቅባችሁም። በሶ በማርና በትንሽ ጨው በጥብጣችሁ አፉ ሰፊ በሆነ ጠርሙስ ያዙ፤ ቀጠን ይበል፣ ካልሆነ ጠርሙሱ አፍ ላይ ይጓጉላል። ቆሎ በጃኬት ኪስ ይገባል። በየ40 ደቂቃው ትንሽ ቅመሱ። እስኪርባችሁ አትጠብቁ።

የራስ ቁርና መነጽር አይቀሩም። ጫካው ውስጥ ዓይንን የሚመታው ቅርንጫፍ ነው።

7. ቤት ስትደርሱ

ከብስክሌቱ በፊት ሰውነታችሁን እዩ። መዥገር አገራችን የከብት ነገር ነው ብለን እንተወዋለን። እዚህ ግን ሣርና ቁጥቋጦ ላይ ሆኖ ሰው ላይ ይወጣል፤ ላይም የሚባለውን በሽታ ያስተላልፋል። ከጉልበት ጀርባ፣ ብብት፣ ብሽሽት፣ ፀጉር ሥር ፈልጉ። ካገኛችሁ በቀጭን ወረንጦ ቆዳው ጋ ጠጋ አድርጋችሁ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ንቀሉት። ዘይትም አልኮልም አትቀቡበት። ቀኑን መዝግቡ። በቀጣዮቹ ሳምንታት ቦታው ላይ እየሰፋ የሚሄድ ቀይ ክብ ካያችሁ ወይም ትኩሳት ከመጣ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ከግንቦት እስከ ሐምሌ ደግሞ የኦክ ዛፍ ግንድ ላይ በሰልፍ የሚሄዱ ፀጉራም አባጨጓሬዎች አሉ። ፀጉራቸው በነፋስ ይበናል፣ ክፉኛ ያሳክካል። ማስጠንቀቂያ ከተለጠፈበት ዛፍ ሥር ምሳ አትብሉ። ካሳከካችሁ አትፎክቱ፤ ልብሱን አውልቃችሁ እጠቡት፣ ሰውነታችሁንም በብዙ ውሃ ታጠቡ።

ብስክሌቱን በዝቅተኛ ግፊት ውሃ እጠቡት። ኃይለኛውን የውሃ መርጫ የቸርኬው መሃልና የፔዳሉ መዞሪያ ላይ አታድርጉ፤ ውሃው ግራሶውን አውጥቶ አሸዋ ያስገባል። ሰንሰለቱን አድርቃችሁ ዘይት ቀቡ። በመጨረሻም ሁለቱንም ጎማ እያዞራችሁ ጎን ጎኑን በብርሃን እዩ። ከተሪሉ የመጣ ስስ ጥቁር ስባሪ ጎማው ውስጥ ተሰክቶ ካገኛችሁ በመርፌ አውጡት። ዛሬ ካልወጣ በሚቀጥለው ጉዞ ጠልቆ ይበሳዋል።